ልጃችን ከሰው ጋር መኖርን ከማን ይማራል?



«ልጄ ሰው ፊት አይናገርም»፣ «ልጄ ከጓደኛ ጋር አይስማማም» እያሉ የሚያማርሩ ወላጆች ብዙ ናቸው። እርግጥ ነው፣ የልጆች ጠባይ ከተፈጥሮም ይለያያል። ሆኖም ሰላምታ መስጠትን፣ ተራ መጠበቅንና ይቅርታ መጠየቅን ይዞ የሚወለድ ልጅ የለም። ይህን ሁሉ የሚማረው መጀመሪያ ከቤቱ ነው።

ሜሪ ኤይንስዎርዝ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች የሃያ ስድስት ቤተሰብ ሕፃናትን ተከታትላ ነበር። ልጇን በሚገባ የምታስተውል እናት ያላት ሕፃን እናቷን ተማምና ራቅ ብላ ትጫወታለች፤ ስትፈራም ወደ እናቷ ትመለሳለች። እንግዲህ ድፍረት የሚመነጨው ከመተማመን ነው። በ1960ዎቹ ደግሞ አሜሪካዊቷ ዲያና ባውምሪንድ ከሚያስፈራሩና ልጓም ከሚለቁ ወላጆች ልጆች ይልቅ ፍቅርን ከሥርዓት ጋር አጣምረው፣ ምክንያቱን እያስረዱ የሚያሳድጉ ወላጆች ልጆች በራሳቸው የሚተማመኑና ተግባቢ መሆናቸውን አሳይታለች። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) በሕፃናት አጠገብ ሲያልፉ ሰላምታ ይሰጧቸው እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል።

ታዲያ ይህ በወላይታ፣ ከሶዶ እስከ ቢጠና ለምንኖር ሙስሊም ቤተሰቦች ምን ይነግረናል? ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ክርስቲያኖች ናቸው። ከመካከላችን በቤታቸው ጉራጊኛ ወይም ስልጥኛ የሚናገሩም አሉ። በመስከረም ጊፋታ ሲደርስ በየቤቱ ሰንጋ ይታረዳል። አንዳንድ ወላጅ «ልጄ ሐራም ይበላብኛል» ብሎ ይሰጋና በሩን ይዘጋል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ግን ልጁን ይጎዳል። ተዘግቶበት ያደገ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ትምህርቱ በወላይትኛ ነው፤ እሱ ግን ቋንቋውንም ጨዋታውንም አያውቅም። ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ ወይም በጡጫ ይናገራል።

ወላጆች ሆይ! በሩን ከመዝጋት ልጁን ማዘጋጀት ይሻላል። ሥጋውን ለምን እንደማይበላ በእርጋታ እናስረዳው። ቃሉንም ቤት ውስጥ እናለማምደው፦ «አመሰግናለሁ እማማ፤ እኛ የምንበላው ሙስሊም ያረደውን ነው፤ ቆሎውን ግን እበላለሁ።» ይህን በፈገግታ የሚል ልጅ ዲኑንም ጉርብትናውንም ጠብቋል። በዒድ ቀን የጎረቤት ልጆችን እንጥራ፤ ሥጋችንን የማይበሉ ካሉም ዳቦና ሻይ እናቅርብላቸው።

ልጆች ሲጣሉ ዱላ ይዘን አንሩጥ። የሁለቱንም ቃል እንስማና ራሳቸው እንዲታረቁ እንርዳቸው። ማታም አባት ከሥራ ሲገባ «ዛሬ ከማን ጋር ተጫወትክ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ያዳምጥ። ቤቱ የሚሰማው ልጅ ሌላውን መስማት አይከብደውም።

አላህ ልጆቻችንን ለወላጅም ለጎረቤትም የዓይን ማረፊያ ያድርግልን። አሚን።