«አሉ» ማለት ማን አለ ማለት ነው?

በመሐል ሜዳ ገበያ፣ በግ ነጂውና ባና ሻጩ ተደባልቀው በቆሙበት ስፍራ፣ አንድ ጎልማሳ «ጓሳው ተከፍቷል አሉ» ሲል ሰማን። አጠገቡ የነበሩት ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ማን አሉ?» ሲሉ ጠየቁት። «እንጃ አባቴ፣ ሲወራ ሰምቼ ነው» አለ። ሽማግሌውም «እንግዲያውስ ማጭድህን አትሳል» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ነገሩ ተራ ወሬ ይምሰል እንጂ፣ ለመንዝ ሰው ቀላል አይደለም። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጓሳ ምድር ለቤት ክዳን የሚሆነውን ሣር የሚያበቅል ነው። በቀድሞው የቄሮ ሥርዓት፣ በአለቃው መሪነት ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና በታወቀ ጊዜ ይከፈት ነበር። ያ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ምክንያት ቢፈርስም፣ ሕዝቡ ዛሬም ስፍራውን በራሱ ደንብ ይጠብቃል። እንግዲህ ሥልጣን ያላቸው «ተከፍቷል» ካሉ ፈቃድ ነው፤ የገበያ ሰው «ተከፍቷል» ካለ ግን ወሬ ነው። በወሬ ታምኖ የሚያጭድ ሰው ደንብ አፍራሽ ሆኖ መገኘቱ አይቀርም።

ችግሩ የሚመነጨው ከቃሉ ነው። «አሉ» ስንል አንድ የተከበረ ሰው ተናገረ ማለታችን ይሆናል፤ ብዙ ሰዎች ተናገሩ ማለታችንም ይሆናል፤ ወይም ባለቤቱ የማይታወቅ ጭምጭምታ ማለታችን ነው። በዚህ ላይ ፊደላችን ማጥበቅንና ማላላትን ስለማያሳይ፣ ላልቶ የሚነበበው የንግግር «አለ» እና ጠብቆ የሚነበበው የመኖር «አለ» በጽሑፍ አንድ ናቸው።

ሌላም አለ። «ከበደ ገንዘቡን አልሰጠኝም አለ» ብንል፣ ገንዘቡን ያጣው ማነው? ከበደ ራሱ ነው ወይስ ይህን የምናወራው እኛ? በአማርኛ ሁለቱም ትርጉም ያስኬዳል። ይህ የቋንቋችን ጠባይ የውጭ ምሁራንን ሳይቀር አስገርሟል፤ ፈረንሳዊው የቋንቋ ምሁር ፊሊፕ ሽሌንከር እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ «ጀግና ነኝ ይላል» የሚለውን ዓይነት አነጋገር ዋና ማስረጃቸው አድርገውታል። እንዲህ ያለውን ቃል ወደ እንግሊዝኛ እንዳለ የሚመልስ አስተርጓሚ ግን ጀግንነቱን ለራሱ ይወስዳል። ይህስ ያስቃል፤ ነገር ግን ምስክር «እኔ ሰረቅሁ አለ» ብሎ የተከሳሹን ቃል ሲያወራ፣ አስተርጓሚው ቢሳሳት ሌባው ምስክሩ ሆኖ ይቀራል።

እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆቻችን «ሴይ» እና «ቴል» የሚሉትን ሁለት ቃላት ሲያደባልቁ እንታዘባለን። መንገዱ ግን ከቤታቸው አለ፤ «አለ» የተባለውን ቃል ይፈልጋል፣ «ነገረ» ደግሞ የሰማውን ሰው ይፈልጋል። «ነገረችኝ» እንላለን እንጂ «አለችኝ» ብለን ቃሏን ሳናስከትል አንቆምም። «ነገረ» ከሚለው ሥርም አዋጅ የሚነገርበት ነጋሪት ወጣ፤ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ የታተመበትም ጋዜጣ ስሙን ከዚሁ አገኘ። ማወጅ ከማለት የሚለየው፣ ተናጋሪው ሥልጣን ያለውና ቃሉም የሚጸና መሆኑ ነው።

እኛ ጋዜጠኞችም ከወቀሳው አናመልጥም። «አለ» ተደጋገመ ብለን «አረጋገጠ» ስንጽፍ፣ ያልተመረመረውን ነገር እውነት ነው ብለን መመስከራችን ነው። «አመነ» ስንልም ሰውየውን ጥፋተኛ አድርገነዋል። «ተባለ» ስንል ደግሞ ተናጋሪውን ሸሸግነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ቃል ስታደርስ የባለቤቱን ስም አብረህ አድርስ፤ ስትጽፍም የሌላውን ቃል በትእምርተ ጥቅስ ለይ። ያልታወቀ እንደሆነ ደግሞ «ሲወራ ሰማሁ» ማለት አያሳፍርም። የገበያው ጎልማሳ ይህን በማመኑ ማጭዱን ሳይስል አደረ፤ ከጥፋትም ዳነ። የሽማግሌው «ማን አሉ?» የሚለው አጭር ጥያቄ በየቤታችንና በየመሥሪያ ቤታችን ሊጠየቅ የሚገባው ነው።