ቁራጭ ጨርቅም አማና ነው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



በክረምቱ መግቢያ አንዲት የልደታ እናት ጥያቄ ይዘውልን መጡ። ለሚወለደው የልጅ ልጃቸው ከቁራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ ሊሰፉ፣ አሮጌ ነጠላና ከልብስ ሰፊ የተረፈ ጨርቅ በፌስታል ቋጥረው ከአልጋ ሥር አኑረው ነበር። ሲፈቱት ግማሹ ሻግቷል፤ የቀረው ናፍታሊን ይሸታል። «ኢስራፍ እንዳይሆንብኝ ፈርቼ አልጣልኩትም፤ ሕፃኑን ላልብሰው ወይ?» አሉን።

እንዲህ ያለውን ልብስ አንዳንዶች ድሪቶ ብለው ይንቁታል። ሆኖም ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ልብሳቸውን ይሰፉ፣ ጫማቸውንም ይጠግኑ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነግረውናል። ቁራጭ መቆጠብ ነውር የለበትም፤ አያያዙን ማወቅ ግን ግድ ይላል።

አንደኛ፣ ጨርቁ የማን ነው? ደንበኛ ከመርካቶ ገዝቶ ለልብስ ሰፊ ከሰጠው ጨርቅ የተረፈው የደንበኛው ሐቅ ነው። ሰፊው «ይወስዱታል ወይስ ይተዉልኛል?» ብሎ ይጠይቅ። በልማድ የሚጣል ብጥስጣሽ ካልሆነ በቀር ዝም ብሎ ማስቀረት አይገባም።

ሁለተኛ፣ ሳይታጠብ አይቆረጥ። አዲስ አቡጀዲ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል። ሳይታጠብ ከአሮጌ ነጠላ ጋር ከተሰፋ፣ በኋላ አንዱ ሲሰበሰብ ሌላው ይሸበሸባል፤ ስፌቱም ይሳባል። ቀለም ያለውን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሹት፤ ቀለሙ ከለቀቀ ለብቻው ይታጠብ። ነጃሳ የነካውም በንጹሕ ውኃ ይጽዳ፤ በደንብ ታጥቦ የማይለቅ ምልክት ቢቀር ጉዳት የለውም።

ሦስተኛ፣ ዓይነቱን ለዩ። ከጠርዙ አንድ ክር መዝዛችሁ፣ ልጆች በሌሉበት በወረንጦ ይዛችሁ አቃጥሉት። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፤ አመዱም ይበናል። ሱፍ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል። ናይለንና ፖሊስተር ቀልጠው ደረቅ እንክብል ይሆናሉ። የልጁን ገላ የሚነካው ገበር ጥጥ ይሁን።

አራተኛ፣ አቀማመጡ። ጨርቅ ፈጽሞ ሳይደርቅ አይታጠፍ። ፌስታል እርጥበት ያፍናል፤ ሻጋታው የሚመጣው ከዚያ ነው። ንጹሕ የትራስ ልብስ ወይም የአቡጀዲ ከረጢት ይሻላል፤ ከመሬትና ከጭቃ ግድግዳም ይራቅ። በየ3 ወሩ አውጥታችሁ አናፍሱት፤ ስትመልሱት በሌላ በኩል እጠፉት፤ ሁልጊዜ በአንድ መስመር የታጠፈ ጨርቅ እዚያው ላይ ይሳሳል። ባለቀለሙን ፀሐይ ስለሚያደበዝዘው ጥላ ሥር አናፍሱት።

የብል እጭ ምግቡ በተለይ ሱፍና ሐር ነው፤ ንጹሕ ጥጥ ብዙም አይደፍርም። ላብና ቅባት ያለበት ልብስ ግን ይስበዋል። ስለዚህ ሱፉን ከጥጡ ለዩ፤ ሁሉንም አጥባችሁ አስቀምጡ።

ከሁሉ በላይ የምናሳስበው የናፍታሊንን ነገር ነው። ጢሱ ለዓይን ባይታይም ጨርቅ ውስጥ ይገባል። ጂ ስድስት ፒ ዲ የተባለው ኢንዛይም በተፈጥሮ በሚያንሳቸው ሕፃናት ላይ ቀይ የደም ሕዋሳትን ይሰብራል፤ ልጁ ቢጫ ይሆናል፤ ሕይወቱም አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የትኛው ልጅ እንዲህ እንደሆነ ደግሞ በዓይን አይለይም። እንክብሉም ከረሜላ ይመስላልና ልጆች ይውጡታል። የሕፃን ልብስ ባለበት ሳጥን ውስጥ ፈጽሞ አታስገቡት። ልጃችሁ ዓይኑና ገላው ቢጫ ከሆነ ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ለእናታችን የሰጠነው መልስም ይኸው ነበር፦ ሻግቶ የላላውን ይጣሉ፤ ጉዳት ያለበትን መጣል ኢስራፍ አይደለም። ናፍታሊን የነካውን ደጋግመው አጥበው፣ ሽታው ሲጠፋ ለአዋቂ ፍራሽ ያድርጉት። ለሕፃኑ በንጹሕ ጥጥ እንደ አዲስ ይጀምሩ።

አላህ (ሱ.ወ.) ጸጋውን በአግባቡ ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።