የመንገድ መብራት ሰማዩን ለምን ያበራል?

ደመና በሌለበት ማታ ደጅ ወጥታችሁ ቀና በሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ የምታዩት ጥቂት ኮከብ ነው። ከከተማ ራቅ ያለ ገጠር ከሆናችሁ ግን ፍኖተ ሐሊብ ራሱ እንደ ስስ ጭስ ተዘርግቶ ይታያል። ከዋክብቱ የትም አልሄዱም፤ የከተማው ብርሃን ነው የሸፈናቸው። ይህ የብርሃን ብክለት ይባላል።

መብራት ይጥፋ እያልኩ አይደለም። ማታ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው መንገዱን ማየት አለበት። ጥያቄው፣ ከአምፖሉ ከሚወጣው ብርሃን ስንቱ መንገዱ ላይ ያርፋል? የሚለው ነው።

እስቲ ይህን ሞክሩ። ጨለማ ውስጥ ጓደኛችሁ ራቅ ብሎ ይቁምና የስልኩን መብራት ወደ እናንተ ያዙር። እግሩ ስር ያለው ዕቃ አይታያችሁም፤ ዓይናችሁ ይጥበረበራል። አሁን ወደ መሬት ያዙረው። መብራቱ ያው ነው፣ ዕቃው ግን ወዲያው ይታያል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር አቅጣጫ ነው። ኳስ የሚመስለው ክብ መብራት ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚረጭ ግማሽ ያህሉ ወደ ላይ ይባክናል። ከላይና ከጎን የተከደነ፣ ሳይጋደል የተገጠመ መብራት ግን ብርሃኑን ወደ ታች ይልካል።

ሁለተኛው ቀለም ነው። ቀን ሰማዩ ሰማያዊ የሆነው አየር ሰማያዊ ብርሃንን ከሌላው ይልቅ ስለሚበትን ነው። ማታም ያው ነው፦ 450 ናኖሜትር ሰማያዊ ብርሃን ከ600 ናኖሜትር ብርቱካናማ ብርሃን 3 እጥፍ ገደማ ይበተናል። አምፖል ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ያለውን የኬልቪን ቁጥር እዩ። ከ4000 ይልቅ 2700 የሚለው ሞቅ ያለ ቀለም አለው፤ ሰማያዊውም ያንሳል።

ሦስተኛው መጠን ነው። ወደ ታች የሄደ ብርሃንም ከአስፋልቱ ነጥሮ በከፊል ወደ ሰማይ ይመለሳል። ኤልኢዲ ደግሞ እንደልብ ይደበዝዛል፤ እኩለ ሌሊት ላይ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ በሙሉ ኃይሉ መብራት የለበትም።

በአሜሪካ አሪዞና ያለችው ቱሳን ከተማ ይህን ሠርታበታለች። 18,000 ገደማ የመንገድ መብራቶቿን በ3000 ኬልቪን ኤልኢዲ ስትቀይር አጠቃላይ የብርሃኑን መጠን ቀነሰች፣ ሌሊት ላይም አደበዘዘችው። ተመራማሪዎች ሲለኩት የሰማዩ ፍካት በመጨመር ፈንታ ቀንሶ ተገኘ።

እኛም የምናጣው ነገር አለ። እንጦጦ ተራራ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ አዲስ አበባ ደግሞ እግራቸው ስር ናት። ታች የምንተክለው እያንዳንዱ ምሰሶ ላይ ያለውን ሰማይ ይነካል።

ዛሬ ማታ የሰፈራችሁን መብራት ከሩቅ እዩት። አምፖሉ ራሱ ዓይናችሁን ከወጋው፣ ብርሃኑ መንገዱን ስቷል ማለት ነው።