በከለር ኮፒ ታሪክ መንገር

ዛሬ በፎቶኮፒ ማሽን የሥዕል ታሪክ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳችሁ ነው።

ሥዕሎችን እየቆረጡ አንድ ወረቀት ላይ መለጠፍ ኮላዥ ይባላል። በሥዕል ታሪክ መንገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። የንግሥተ ሳባ ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 ትንንሽ ሥዕሎች ተከፍሎ ይሣላል። ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ተከትሎ ይረዳዋል።

ማሽኑስ እንዴት ይሠራል? ጸጉር ያበጠርንበት ማበጠሪያ ብጣሽ ወረቀት ይስባል አይደል? ኮፒ ማሽንም በዚሁ ዓይነት ኤሌክትሪክ የቀለም ዱቄት ይስባል። ከለሩ አራት ዱቄት አለው፦ ቢጫ፣ ውሃ ሰማያዊ፣ ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀይ እና ጥቁር። ሌላው ቀለም ከእነዚህ ቅልቅል ይገኛል። ዱቄቱ በሙቀት ቀልጦ ይጣበቃል፤ ወረቀቱ ሞቅ ብሎ የሚወጣው ለዚህ ነው።

እኔ የመረጥኩት የባሮን መርከብ ታሪክ ነው። አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ከተዋዋሉ በኋላ ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። ክረምት ላይ ውሃው ሲሞላ መርከቦች ከካርቱም ጋምቤላ ድረስ ይመጡ ነበር። ሲመለሱ ቡናችንን ይጭናሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. አንዲት ትንሽ መርከብ ብቻ ሳልኩ።
2. በጥቁር ኮፒ 50፣ 100 እና 200 በመቶ አስደረግኳት።
3. ትንሿን ከላይ፣ መካከለኛዋን መሃል፣ ትልቋን ከታች ለጠፍኩ። በቃ፣ መርከቧ ከሩቅ እየመጣች ትመስላለች!
4. ለወንዙ ደግሞ መስመር ያሰመርኩበትን ወረቀት መስታወቱ ላይ አድርጌ፣ መብራቱ ሲያልፍ ቀስ ብዬ ሳብኩት። መስመሩ ተጣሞ ሞገድ መሰለ።
5. ሁሉንም በከለር እርሳስ ቀባሁ። ከለር ኮፒ ከጥቁሩ ስለሚወደድ መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ አስነሳሁት። የመቀስና የሙጫው ምልክት ብዙም አይታይም።

ጥንቃቄም አለው። ሙጫው ሳይደርቅ መስታወት ላይ አታድርጉ። ዳር ዳሩን ጣት ያህል ባዶ ተዉ፣ ማሽኑ ጠርዙን አያወጣውም። ከላይብረሪ መጽሐፍ ገጽ አትቅደዱ፤ ኮፒ አድርጋችሁ ኮፒውን ቁረጡ።

ይህ ለምን ይጠቅመናል? እዚህ ግቢ አንዳችን ቤት አኝዋክኛ፣ ሌላችን ቤት ኑዌርኛ ይነገራል። የአንደኛ ክፍል ልጆች ገና ማንበብ አልቻሉም። ሥዕሉን ግን ሁሉም በየቋንቋው ያነበዋል። ስለዚህ አያቶቻችሁን ታሪክ ጠይቁና በስድስት ሥዕል ሠርታችሁ ለክበባችን አምጡ። ግድግዳው ላይ እንለጥፈዋለን።