ዜማና ግጥም በ7 ቀን

እኛ ዕጩ መምህራን እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ አንድ ሳምንት አብረን እያደርን የመዝሙር ድርሰት ተማርን። ዘፋኝ ለመሆን አይደለም። ነገ የምንገባበት 1ኛ ክፍል ፒያኖ አይጠብቀንም፤ ያለን ጉሮሮና ጭብጨባ ነው። ሕፃን ደግሞ በዜማ የያዘውን ቶሎ አይለቅም።

መጀመሪያ ቅኝት ያዝን። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው 5 ድምፅ አላቸው። ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስሞችም ናቸው። ለሕፃናት የመረጥነው ትዝታ ሜጀርን ነው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ።

ጣጣው የመጣው ግጥሙ ላይ ነው። በወል ቤት አንድ ስንኝ 12 ቀለም ነው፣ 6 ከ6 የተከፈለ። ታዲያ ቀለም ማለት ፊደል አይደለም! የደረስነውን እንይ፦

የኮልፌ ልጆች ነን በጠዋት ተነሳን፣
ፊደል ስንቆጥር ዝናቡንም ረሳን።

የላይኛው ስንኝ ሲጻፍ 17 ፊደል ነው፤ ሲባል ግን 12። የ፣ ኮል፣ ፌ፣ ል፣ ጆች፣ ነን እያሉ በጭብጨባ መቁጠር ነው። ድምፅ የሌለው ሳድስ ከፊቱ ካለው ፊደል ጋር ተጣብቆ ያልፋል። በወረቀት ላይ ብቻ የቆጠሩት ጓደኞቻችን ዜማው ሲጀመር ትንፋሽ አጠራቸው።

ከሁሉ የሚያሰጋው ማጥበቅና ማላላቱ ነው። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ «አልደረሰም» ነው። ፊደላችን ይህን አያሳይም፤ ዜማው የላላውን አጥብቆ ከመታው ልጁ ቃሉን እንደዘፈነው ይይዛል፣ እንደዚያውም ያነባል። ስለዚህ ግጥሙን አስቀድሞ እንደ ተራ ንግግር ማለት፣ ከዚያ ዜማውን ለቃሉ ማስገዛት ነው። ከመካከላችን «ዜማው ይቅደም» ባዮችም አሉ፤ ክርክሩ መብራት እስኪጠፋ ዘልቆ ነበር፣ አሁንም አላለቀም።

የሞከራችሁትን ከዚህ ሰሌዳ ሥር ለጥፉልን፤ በዕረፍት ሰዓት አብረን እናጨበጭብበታለን።