ሆዱ ቶሎ ለሚታወክ ውሻ የሚስማማ ምግብ አመራረጥ

ተዘጋጅቶ የታሸገ የውሻ ምግብ በአዲስ አበባ ታላላቅ መደብሮች መደርደሪያ ላይ የራሱን ስፍራ ከያዘ ሰንብቷል። ሸቀጡ ከውጭ አገር የሚገባና ዋጋው ከፍ ያለ በመሆኑ፥ ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የባለ መደብሩን ምክር ቢጠይቅ የሚያስደንቅ አይደለም። ከሚቀርቡትም ጥያቄዎች አንዱ፥ «ውሻዬ የበላውን ያስታውከዋል፤ ያስቀምጠዋልም፤ የትኛው ምግብ ይስማማዋል?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ ውድ የሆነውን ከረጢት አንሥቶ መስጠት ቀላል ነገር ነው። ነገር ግን ምግቡ ያልተስማማ እንደ ሆነ እንስሳው ይጐዳል፤ ገዢው ገንዘቡን ይከስራል፤ ነጋዴውም ደንበኛውን ያጣል። የውሻን ሆድ የሚያረጋው የከረጢቱ ዋጋ ወይም በላዩ የታተመው ሥዕል ሳይሆን በጀርባው የተጻፈው ዝርዝርና የምግቡ አያያዝ ስለ ሆነ፥ አስመጪውም ሆነ ቸርቻሪው ይህን ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ምክንያቱን ስለ መለየት

ያስቀመጠው ውሻ ሁሉ ምግብ አልስማማው ብሎ ነው ማለት አይደለም። የሆድ ትላትልና ጃርዲያ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋሲ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። ከቆሻሻ መጣያ የተለቀመ ብልሹ ነገር፥ ከበዓል ማዕድ የተረፈ ስብና ቅቤ የበዛበት ወጥ፥ ወይም በአንድ ቀን የተደረገ የምግብ ለውጥ ጤናማውን ውሻ እንኳ ያውከዋል። በተለይም ቅባት የበዛበት ምግብ የቆሽት ብግነት ከሚያስነሡት ነገሮች አንዱ ሲሆን፥ ይህ በሽታ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው።

ስለዚህ ውሻው ደም የተቀላቀለበት ሰገራ የሚያወጣ፥ ደጋግሞ የሚያስታውከው፥ ውሃ እንኳ የማይቀበል፥ ሆዱ የተነፋ ወይም ከቀን ወደ ቀን የሚከሳ ከሆነ፥ እንደዚሁም ገና ቡችላ ከሆነ፥ ባለ መደብሩ ምግብ ከመሸጥ ይልቅ ባለቤቱን ወደ እንስሳት ሐኪም ቢመራው ይሻላል። የዚያን ቀን ሽያጭ ቢቀርበትም እምነት ያተርፋል።

ከረጢቱ ስለሚናገረውና ስለማይናገረው

ከምግብ የሚመጣው ሕመም በሁለት ይከፈላል። አንደኛው የሰውነት መከላከያ አንድን ፕሮቲን እንደ ጠላት ሲቈጥር የሚነሣ አለርጂ ነው። ሁለተኛው ሆድ አንድን ነገር መፍጨት ሲያቅተው የሚመጣ አለመስማማት ሲሆን፥ ለዚህ ወተት መፍጨት የማይችል ውሻ ምሳሌ ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. በታተመና ቀደም ሲል የተጻፉ የምርምር ዘገባዎችን ባሰባሰበ አንድ ጥናት፥ የምግብ አለርጂ ከታየባቸው 297 ውሾች መካከል የከብት ሥጋ 34 በመቶውን፥ የወተት ውጤት 17 በመቶውን፥ ዶሮ 15 በመቶውን፥ ስንዴ 13 በመቶውን አውኮ ተገኝቷል። ከዚህ እንደሚታየው ብዙውን ጊዜ የሚያውኩት ውሻው ዘወትር የሚበላቸው የተለመዱ ምግቦች እንጂ እንግዳ ነገሮች አይደሉም። ስለሆነም ለእንዲህ ያለው ውሻ ከዚህ ቀደም ያልቀመሰው አንድ ዓይነት ሥጋ ብቻ ያለበት ምግብ፥ ለምሳሌ የዓሣ ወይም የበግ፥ ይመረጣል።

በዚህ ላይ ነጋዴው ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። በከረጢቱ ፊት «በግ ያለበት» ተብሎ ስለ ተጻፈ ምግቡ የበግ ብቻ ነው ማለት አይደለም። በአሜሪካ የስያሜ ደንብ መሠረት «ያለበት» የሚለው ቃል የሚያስገድደው የተጠቀሰው ነገር 3 በመቶ ያህል እንዲኖር ብቻ ሲሆን፥ በአውሮፓ 4 በመቶ ነው። «የበግ ጣዕም» የሚል ከሆነ ደግሞ የተወሰነ መጠን እንኳ አይጠየቅም። የቀረው ዶሮ ወይም የከብት ሥጋ ሊሆን ይችላል። እውነቱ የሚገኘው በጀርባው ላይ በትንንሽ ፊደል በታተመው የቅመማ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ በክብደት ቅደም ተከተል የሚጻፍ በመሆኑ፥ በመጀመሪያዎቹ መስመሮች ያለው ነገር የምግቡ ዋና አካል ነው። የዶሮ ስብ ወይም የዶሮ ዱቄት በመካከል ተጠቅሶ እንደ ሆነ መመልከትም ያሻል።

ቍጥሮችን ስለ ማነጻጸር

የቆርቆሮውን ምግብ ከደረቁ ምግብ ጋር በታተመው ቍጥር ብቻ ማነጻጸር ያሳስታል፤ ምክንያቱም የቆርቆሮው ሦስት አራተኛ ያህል ውሃ ነው። ለምሳሌ አንድ ቆርቆሮ ርጥበቱ 75 በመቶ፥ ፕሮቲኑ 8 በመቶ፥ ስቡ 5 በመቶ ነው እንበል። አንድ ከረጢት ደረቅ ምግብ ደግሞ ርጥበቱ 10 በመቶ፥ ፕሮቲኑ 27 በመቶ፥ ስቡ 12 በመቶ ይሁን። ውሃው ሲወጣ በቆርቆሮው ውስጥ የሚቀረው ደረቅ ነገር 25 እጅ ብቻ ስለ ሆነ፥ ፕሮቲኑ 32 በመቶ ስቡም 20 በመቶ ይሆናል። በከረጢቱ ውስጥ የሚቀረው 90 እጅ ስለ ሆነ፥ ፕሮቲኑ 30 በመቶ ስቡም 13 በመቶ ያህል ነው። እንግዲህ «5 በመቶ ስብ» የሚለው ቆርቆሮ ከከረጢቱ ይልቅ ቅባቱ የበዛ ሆኖ ተገኘ። ቅባት ለማይችል ውሻ ይህን ሒሳብ ሳያሰሉ መሸጥ ጕዳት ያመጣል።

የፕሮቲን ቍጥር ከፍ ማለቱም ብቻውን የጥራት ማስረጃ አይሆንም። በ2007 ዓ.ም. ከቻይና ወደ ሰሜን አሜሪካ በገባ የስንዴ ግሉተን ውስጥ ሜላሚን የተባለ የኢንዱስትሪ ኬሚካል ተደባልቆ ብዙ ውሾችና ድመቶች በኩላሊት ሕመም ሞቱ፤ ብዙ ዓይነት ምግብም ከገበያ ተሰበሰበ። የፕሮቲን መመርመሪያው መንገድ የሚለካው ናይትሮጅንን በመሆኑ፥ ናይትሮጅን የበዛበት ሜላሚን ሸቀጡን ፕሮቲን የበዛበት አስመስሎት ነበር። አስመጪው ዋጋ ከማወዳደሩ በፊት የአምራቹን የጥራት ማስረጃ መጠየቅ የሚገባው ስለዚህ ነው።

«እህል የሌለበት» የሚለው ማስታወቂያም ለሆድ መድኃኒት ተደርጎ መቈጠር የለበትም። በ2013 ዓ.ም. የታተመ የስዊድን ተመራማሪዎች ጥናት፥ ውሻ ስታርች ለመፍጨት የሚረዳው ዘረ መል ከተኵላ ይልቅ በብዛት እንዳለው አሳይቷል፤ ስለዚህ በደንብ የበሰለ ሩዝ አብዛኞቹን ውሾች አይጐዳም። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፥ አተርና ምስር በበዛባቸው እህል አልባ ምግቦችና በውሾች የልብ ሕመም መካከል ግንኙነት ይኖር እንደ ሆነ መመርመር ጀመረ። ግንኙነቱ በማስረጃ ባይረጋገጥም፥ ያለ ምክንያት እህል አልባ ምግብ ማስገዛት ተገቢ እንዳልሆነ ያስገነዝባል።

በሐኪም ትእዛዝ ስለሚሰጥ ምግብ

በ1939 ዓ.ም. አሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ማርክ ሞሪስ ኩላሊቱ ለታመመ አንድ የዓይነ ስውር መሪ ውሻ ልዩ ምግብ አዘጋጀ። ይህም በ1948 ዓ.ም. በቆርቆሮ መታሸግ ጀመረ፤ ዛሬ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጠው የውሻ ምግብ ንግድ መነሻ ከዚያ ነው። በዚህ ዘርፍ ለሆድ ሕመም የሚሆኑት ስባቸው የተቀነሰ፥ በቶሎ የሚፈጩ፥ ወይም ፕሮቲናቸው እጅግ ወደ ደቀቀ ቍራጭ ተለውጦ የሰውነት መከላከያ እንዳያውቀው የተደረጉ ናቸው። ዋጋቸው ከፍተኛ ሲሆን፥ ለየበሽታው የተቀመሙ ስለ ሆኑ ያለ ሐኪም ምክር መሸጥ አይገባም።

ምግብ ስለ መለወጥና በቤት ስለ ማብሰል

የተመረጠው ምግብ መልካም ቢሆንም በአንድ ጊዜ ከተሰጠ ሆድ ያውካል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አዲሱ ምግብ አንድ አራተኛ፥ ለሚቀጥሉት ሦስት ቀናት ግማሽ፥ ከዚያም ለሦስት ቀናት ሦስት አራተኛ ሆኖ ከቀድሞው ጋር እየተቀላቀለ ይሰጣል፤ በዐሥረኛው ቀን አዲሱ ብቻ ይሆናል። የቀኑ ድርሻ በሁለት ወይም በሦስት ተከፍሎ በጥቂት በጥቂቱ ቢቀርብ ይሻላል። አለርጂ የተጠረጠረ እንደ ሆነ ውሻው ከተመረጠው ምግብ በቀር ብስኩትም ሆነ ትርፍራፊ ሳይቀምስ ይቈያል። የሆድ ሕመም ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ መሻል ሲያሳይ፥ የቆዳ ማሳከክ ግን እስከ ስምንት ሳምንት መጠበቅን ይጠይቃል። ደንበኛው ይህ ተነግሮት ከሄደ፥ በሦስተኛው ቀን «ምግቡ አልሠራም» ብሎ ከረጢቱን አይመልስም።

ለጥቂት ቀናት ማስታገሻ የሚሆን፥ ቆዳው የተገፈፈ የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ ከሩዝ ጋር ያለ ቅባትና ያለ ቅመም በቤት ሊዘጋጅ ይችላል፤ ዶሮ የማይስማማው ውሻ ግን ሌላ ሥጋ ይደረግለታል። ሆኖም ሥጋ ፎስፈረስ የበዛበት ካልሲየም ያነሰው በመሆኑ ለዘወትር ቀለብ አይበቃም። ቀይና ነጭ ሽንኩርት፥ ቸኮላታ፥ ወይንና ዘቢብ፥ እንደዚሁም በአንዳንድ ማስቲካ የሚገኘው ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ለውሻ መርዝ ናቸው፤ ወጥ ለውሻ የማይሆነውም ስለ ሽንኩርቱ ጭምር ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ሊበሳ ይችላል። ከእርድ የተረፈ ጥሬ ጉበትና ሳንባ ደግሞ ለውሻው የኮሶ ትል ወገን የሆነ ጥገኛ ያስተላልፋል፤ ከውሻው ወደ ሰው ሲተላለፍም በጉበትና በሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ስለሚያመጣ በሚገባ ሳይቀቀል መስጠት አይገባም።

ስለ ማከማቸት

ምግቡ ምንም ያህል የተመረጠ ቢሆን በመጋዘን ከተበላሸ ጥቅም የለውም። የአገራችን የባሕር ጭነት አብዛኛው በጅቡቲ በኩል የሚያልፍ ሲሆን፥ የወደቡ ሙቀት በሐምሌ ወር ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። በብረት ኮንቴይነር ውስጥ የቈየ ደረቅ ምግብ ስቡ ቶሎ ይበላሻል፤ ቪታሚኑም ይቀንሳል፤ የተበላሸ ስብም ጠንካራውን ውሻ ሳይቀር ያስቀምጠዋል። አስመጪው የጕዞውን ወራት አስቦ ቢያዝና ዕቃው ሲደርስ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን ቢመረምር ከኪሳራ ይድናል። ከረጢቶቹ ከመሬት ከፍ ብለው በእንጨት ርብራብ ላይ፥ ከግድግዳ ራቅ ብለው ይደርደሩ፤ ቀናቸው የቀረበው ይቅደም።

ከረጢት ከፍቶ በኪሎ መቸርቸርም አደጋ አለው። አየርና ርጥበት ስለሚገባበት ምግቡ ይሻግታል፤ ገዢውም ዝርዝሩንና ቀኑን ሳያይ ይወስዳል። በ2020 ዓ.ም. መጨረሻ በአሜሪካ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ከልክ በላይ ከተገኘበት የውሻ ምግብ ጋር በተያያዘ፥ ከ70 በላይ የቤት እንስሳት መሞታቸውን የዚያ አገር መንግሥት አስታውቋል። ይህ መርዝ በመቀቀል የማይጠፋ ስለ ሆነ፥ የሻገተ በቆሎ «ለውሻ ይሆናል» ተብሎ መሸጥ የለበትም።

በጠቅላላው ባለ መደብሩ ለደንበኛው አራት ጥያቄዎችን ቢያቀርብ ይበቃል፤ ውሻው በሐኪም ታይቷልን? እስከ ዛሬ የበላው ምን ዓይነት ሥጋ ነው? ከማዕድ ትርፍራፊ ይሰጠዋልን? የቀድሞው ምግብ የተለወጠው በስንት ቀን ነው? መልሱን ከሰማ በኋላ የከረጢቱን ጀርባ ከገዢው ጋር አንብቦ የሚሸጥ ነጋዴ ለእንስሳው ጤናን፥ ለራሱም የሚመላለስ ደንበኛን ያተርፋል።