አንድ ዓይነት ቀለበት፣ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች

ኤችአይቪ በሽታ የመከላከል አቅሙን ክፉኛ ያዳከመበት ሰው ራሱን እያመመው፣ አንድ እጁ እየዛለ ሆስፒታል መጣ እንበል። በኤምአርአይ ሲታይ አንጎሉ ውስጥ ዳሩ የሚያበራ፣ መሐሉ የጠቆረ ቀለበት አለ። ምንድን ነው? ዋናዎቹ ተጠርጣሪዎች ሁለት ናቸው።

አንደኛው ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ነው። በጥሬ ሥጋ (ክትፎ ወዳጆች፣ አዎ፣ እናንተንም ይመለከታል) ወይም በድመት ዓይነ ምድር በተበከለ ነገር ይገባል፤ በመድኃኒት ይታከማል። ሁለተኛው ሊምፎማ ነው፤ ከነጭ የደም ሕዋሳት የሚነሳ ካንሰር። በእንዲህ ዓይነት ታካሚ አንጎል ውስጥ ሲነሳ ከጀርባው ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ደረጃ ኤፕስታይን-ባር ቫይረስ አለ።

ቫይረሱ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ከኡጋንዳ ወደ ለንደን በተላከ የዕጢ ናሙና ውስጥ መገኘቱ ይፋ ሆነ፤ ከ10 አዋቂዎች ደግሞ 9ኙ ይዘውት ይኖራሉ። ቢ ሕዋስ ውስጥ ተደብቆ ይተኛል፣ ቲ ሕዋሳት ይጠብቁታል። ኤችአይቪ ጠባቂዎቹን ሲያመናምናቸው ግን ቫይረሱ ያለባቸው ቢ ሕዋሳት ያለ ልክ መራባት ይጀምራሉ።

ታዲያ ቀለበቱ ከየት መጣ? ምስሉ ሲነሳ ጋዶሊኒየም ያለበት ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣል። ጤናማ የአንጎል ደም ሥር ፈሳሹን አያሳልፍም፤ የተጎዳው ያፈሳል፣ ቦታውም ያበራል። በሽታ የመከላከል አቅሙ ደህና በሆነ ሰው ላይ ሊምፎማ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ያበራል። አቅሙ በተዳከመ ሰው ላይ ግን የዕጢው መሐል ብዙ ጊዜ ይሞታል፤ ደም ስለማይደርሰው ይጠቁራል። ጥገኛ ተሕዋሱም መሐሉን ስለሚገድል ያው ቀለበት ይወጣል።

እዚህ ላይ ፔት ስካን ይረዳል። ታካሚው በ110 ደቂቃ ውስጥ ጨረሩ በግማሽ የሚቀንስ ፍሎሪን-18 የተለጠፈበት ስኳር ይወጋል። የሊምፎማ ሕዋስ ስኳር ስለሚሻማ ደምቆ ይታያል፤ የቶክሶፕላዝማው ቁስል ብዙውን ጊዜ ይደበዝዛል። ቁስሉ ትንሽ ከሆነ ግን ፔትም ሊያሳስት ይችላል።

ፔት በሌለበትስ? ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የቶክሶፕላዝማ መድኃኒት ጀምረው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ምስሉን ይደግማሉ። ቀለበቱ ከቀነሰ ጥፋተኛው ጥገኛ ተሕዋሱ ነው ይባላል። አንድ ወጥመድ ግን አለ፦ የአንጎል እብጠት ለመቀነስ የሚሰጠው ስቴሮይድ ራሱ ሊምፎማውን ለጊዜው ያሟሽሸዋል። ሁለቱ አብረው ከተሰጡ የቀለበቱ መቀነስ ማስረጃ አይሆንም። ከዚያ የሚቀረው በኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ የቫይረሱን ዲኤንኤ መፈለግ፣ ካልሆነም ከቁስሉ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው።